ታማሚ መስዬ የሄድኩበት ክሊኒክ

ሥራዬ መዋሸት ነበር። የክሊኒኮችን አገልግሎት የሚመዝን አንድ ፕሮጀክት ቀጥሮኝ፣ ሀዋሳ ውስጥ ታማሚ መስዬ እየገባሁ እታከማለሁ፤ ከዚያ ወጥቼ ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ያየሁትን ቅጽ ላይ እሞላለሁ። ሐኪሙ እጁን ታጠበ? የደም ግፊት ለካ? መልሱ አዎ ወይም አይ ነው። የተሰጠኝ በሽታ ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ነበር። አለቃዬ ይህን ስትመርጥልኝ ሳቄ መጣ፤ ሁለቱም የምር ነበሩብኝ።

ለዚሁ ሥራ ብዬ ወደ ከተማዋ ከመጣሁ ወራት አልፈዋል። ባህል አዳራሽ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር የምኖረው። ከአለቃዬ ሌላ የሚያውቀኝ ሰው ቢኖር የሰፈሬ ባለሱቅ ነው፤ እሱም ገና ሲያየኝ አንድ ዳቦ ያወጣል። አንድ መሆኑ ያናድደኝ ነበር።

ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ክሊኒክ የሄድኩ ዕለት፣ አግዳሚው ላይ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ «ማን አብሮሽ መጣ?» አሉኝ።

«ብቻዬን ነኝ።»

«ውይ በሞትኩት!» አሉና እሳቸውን ልታስታምም የመጣችውን እህታቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጓት። «ሂጂ፣ ከእሷ ጋር ግቢላት።» የተዋስኩትን አስታማሚ በስንት ልመና መለስኩ።

ሐኪሙ ሽበት የወረሳቸው ጤና መኮንን ናቸው፤ ሰው ሁሉ ግን ዶክተር ነው የሚላቸው። ያጠናሁትን በሽታ አንበለበልኩላቸው። መጻፋቸውን አቆሙና አዩኝ።

«ልጄ፣ ራት ከማን ጋር ነው የምትበይው?»

ይህ ቅጹ ላይ የለም። መልስ አላጠናሁለትም። «ብቻዬን» ልል አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባል የለ። ሐኪሙ በሩን ዘጉና ወንበራቸውን አስጠጉ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ወንድሞቼ ለዓመት በዓል ብቻ እንደሚደውሉልኝ ነገርኳቸው። ውጭ ያለው ወረፋ ጠባቂ ማጉረምረም ጀመረ፤ እሳቸው ግን አላቋረጡኝም። በመጨረሻ «መድኃኒት አልሰጥሽም። የዛሬ ሳምንት ነይ፣ እናወራለን» አሉኝ።

ባጃጅ ውስጥ ቅጹን አወጣሁ። ግፊት ለካ? አልለኩም። ራሱን ላመመው ሰው ግፊት አለመለካት ቀላል ጥፋት አይደለም፣ ሰው ሊሞትበት ይችላል፤ አልክድም። ቢሮ ስደርስ አለቃዬን «እንዲህ የሚያዳምጥ ሐኪም አይቼ አላውቅም። የት ልጻፈው?» አልኳት።

«ግፊት ለካ፣ አልለካም?»

«አልለካም።»

«እሱን ጻፊያ!»

ጻፍኩ። እኔ ፈሪ፣ ጠርዙ ላይ አንዲት ቃል እንኳ አልጫርኩላቸውም። ውጤቱ ለክሊኒኳ እንደሚደርስ አውቅ ነበር።

ሥራው እስኪያልቅ አንድ ክሊኒክ ሁለቴ መሄድ ክልክል ነው። የቀጠሮዬ ቀን ቤቴ ተቀምጬ ሰዓት ስቆጥር ዋልኩ። አንድ ሰው በዚህች ከተማ እየጠበቀኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ አልሄድኩም።

ውሌ ባለቀ በማግስቱ ቀሚሴን ተኩሼ ሄድኩ። እውነቱን ልነግራቸው፣ ይቅርታ ልጠይቃቸው፣ ከዚያ ደግሞ ያቋረጥነውን ወሬ ልንቀጥል። ሌሊቱን የምላቸውን ሳወጣ ሳወርድ ነው ያደርኩት።

ገብቼ ሳልደላደል የግፊት መለኪያውን ክንዴ ላይ ጠቀለሉት። ጠረጴዛው ላይ የጥያቄ ዝርዝር በፕላስቲክ ተለብጦ ተለጥፏል። በጣታቸው እየተከተሉ ጠየቁኝ፤ መቼ ጀመረሽ፣ በየት በኩል፣ ያስመልስሻል ወይ። ቅደም ተከተሉን ከእኔው ቅጽ በቃሌ አውቀዋለሁ። አንዴ ብቻ ቀና ብለው «ከዚህ በፊት መጥተሽ ነበር አይደል?» አሉ።

«አዎ።»

አፋቸውን ከፈት አደረጉ፤ መለስ ብለው ደግሞ ዝርዝሩን አዩ። ጣታቸው ወደ መጨረሻው መስመር ወረደ።

«ሌላ የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

«የለም። እግዜር ይስጥልኝ።»

ማዘዣውን ተቀብዬ ወጣሁ። ባጃጅ እስካገኝ መንገድ ዳር ቆሜ ሳላስበው ውጤታቸውን በልቤ ደመርኩት። አንድም አልጎደለባቸው።