ከኮሶዬ ኩርባ በፊት ኮፍያ ማውለቅ

መኪና መንዳት አልችልም። መንጃ ፈቃድ የለኝም፤ የቆመ መኪና መሪ እንኳ ጨብጬ አላውቅም። ሆኖም አንድ ክረምት ሙሉ ጎንደር ፒያሳ ባለችው የፎቶ ኮፒ ቤቴ ተቀምጬ፣ ሰው በሌለበት ከተማ ውስጥ ቀይ መኪና ሳበርር፣ ከፎቅ ጣሪያ ስዘልል፣ ጎማ ሳስጮህ ከረምሁ። ያየኝ ሁሉ ሥራ ፈትታ ጨዋታ የጀመረች መስሎት ይስቅ ነበር። ይሳቅ። እኔ ያን ጨዋታ የጀመርሁት ከፍርሃት ብዛት ነው።

ባለቤቴ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ከጎንደር ደባርቅ ይሠራል። መንገዱ ሲከፈት ይሄዳል፣ ሲዘጋ ቤት ይውልና እኔን ያናድዳል። የቄስ ልጅ ነው፤ ድቁና ተቀብሎ ዜማ ሲማር ቆይቶ ነው ልቡ ወደ መኪና የሸፈተው። አባቱ እስከ ዛሬ ድረስ "ዜማውን ትቶ ክላክስ የሚያሰማ ልጅ ወለድሁ" ይላሉ። የቤተ ክህነት ልጅ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ርቆ መዋል ይችላል እንጂ፣ ቤተ ክርስቲያን አይቶ ሳይሳለም ማለፍ አይሆንለትም። ጎንደር ከተማ ውስጥ ሲነዳማ ግማሹን መንገድ እያማተበ ነው የሚሄደው። ከተማ ውስጥ ባጃጁም፣ ጋሪውም፣ አህያውም መንገድ ስለሚዘጋ እንደ ሰው እርምጃ ነው የሚነዳው፤ ግድ አልነበረኝም።

በደባርቅ መንገድ ያለው ኮሶዬ ግን ሌላ ነው። በመንገዱ ዳር ያሉት ምግብ ቤቶች እንዳለቁ አስፋልቱ የገደሉን አፍ ተከትሎ ይታጠፋል። በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው በኩል ምንም። ከታች ከጽድ ዛፎቹ መሐል የቤተ ክርስቲያኗ ጉልላት ብቅ ይላል። ባለቤቴ እዚያች ኩርባ ላይ ሲደርስ በግራ እጁ ኮፍያውን ያነሳል፣ በቀኝ እጁ ያማትባል። መሪውንስ? መሪውን በጉልበቱ ደገፍ ያደርገዋል።

አብሬው ስሄድ ጋቢና፣ ከጎኑ ነው የምቀመጠው፤ ዓይኔ ከሁለቱ እጆቹ አይነቀልም። እጆቹ ከመሪው ተነስተው እስኪመለሱ ድረስ ትንፋሼን እይዛለሁ።

"አንተ ሰው፣ እመቤታችን እጅህን መሪው ላይ ብታደርግ ትቀየምሃለች?" እለዋለሁ።

"የምትጠብቀኝ እሷ ናት እንጂ እጄ ነው እንዴ?" ይለኛል።

ከእሱ ጋር መከራከር ውኃ መውቀጥ ነው።

በዚያ ክረምት አንድ ቀን፣ መታወቂያ ኮፒ ልታስደርግ የመጣች ሴት ደባርቅ መንገድ ላይ ሚኒባስ ተገለበጠ ብላ ነገረችኝ። የማን ነው አልኋት። "እንጃ፣ ነጭ ነው አሉ" አለች። በዚያ መንገድ ነጭ ያልሆነ ሚኒባስ የት አለ? ደወልሁ፤ ስልኩ አይሠራም። ደወልሁ፤ አይሠራም። አውራ ጣቴ እስኪደነዝዝ ደወልሁ። ደንበኞች የሚጠቀሙበት ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥሁ። አንድ ተማሪ የቤት ሥራውን አትሞ ሲሄድ የመኪና ጨዋታ ከፍቶ ትቶት ነበር። እጄ አንድ ነገር ካልያዘ ስልኩን ከግድግዳ ጋር እንደማጋጨው ስላወቅሁ ጨዋታውን መነካካት ጀመርሁ።

ከሰዓት በኋላ ደወለ። "ዳባት ነኝ፤ ኔትወርክ አልነበረም" አለ። ምሳ በልተሃል ወይ አልሁት። ስልኩን ዘግቼ አለቀስሁ። የተገለበጠው የሌላ ሰው ሚኒባስ ነበር። ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም ራሴን ፈራሁት።

ከዚያ በኋላ እሱ መንገድ ላይ በሆነ ቁጥር እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ነኝ። ጨዋታው ዓላማ የለውም። ከተማው ሁሉ የራስህ ነው፤ በፈለግህበት መንዳት፣ መዝለል፣ የመኪናዋን ኋላ እያዞሩ ማንሸራተት። ወጣቶቹ ድሪፍት ይሉታል፤ ባንሸራተትህ ቁጥር ነጥብ ይጨመርልሃል። እግረኛ የለም፣ ትራፊክ የለም፣ የሚሞት የለም። ከገደል ብትወድቅ አንዲት ፊደል ስትጫን መኪናዋ ምንም ሳትሆን ተመልሳ አስፋልቱ ላይ ትቆማለች። መጀመሪያ ያጽናናኝ ይኼ ነበር። እያደር ግን አስፈራኝ፤ ማታ በሩን ከፍቶ ሲገባ፣ አንድ ሰው ያቺን ፊደል ተጭኖ የመለሰልኝ ይመስለኝ ጀመር።

ከከተማው ዳር ባሕሩ ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ መንገድ አገኘሁ። ይታጠፋል፤ ከለላ የለውም። ኮሶዬ ብዬ ስም አወጣሁለት። ነዳጅ የሚሰጠውን ቁልፍ በግራ እጄ እጫናለሁ፤ መሪውን የሚያዞሩትን ቀስቶች በቀኝ እጄ። አንድ ቀን ኩርባው ላይ ስደርስ እንደ ባለቤቴ ልሞክር ብዬ ቀኝ እጄን አነሳሁና አማተብሁ። "በስመ አብ ወወልድ" ብዬ ሳልጨርስ መኪናዋ አየር ላይ ነበረች። "አንድ አምላክ፣ አሜን" ያልሁት ባሕር ውስጥ ሆኜ ነው። ደገምሁት። ትንሽ መኪና መረጥሁ፣ ትልቅ መኪና መረጥሁ፣ አጭር አድርጌ አማተብሁ፤ ሁሉም ባሕር ገባ። እስከዚያን ቀን ፍርሃት ብቻ ነበር ያለኝ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ማስረጃም አገኘሁ።

ባለቤቴ የተጠበሰ በቆሎ ይዞ ሱቅ ሲመጣ ጠብቄ አስቀመጥሁት።

"ምንድን ነው ይኼ?" አለ።

"ኮሶዬ ነው።"

"ኮሶዬ ባሕር የለውም።"

"ገደል አለው። ዝም ብለህ ንዳ።"

ያ ስንት ተራራ የሚወጣ ሹፌር መጀመሪያ ከሕንፃ ጋር ተላተመ። ቀስ በቀስ ጣቶቹ ለመዱት። ኩርባው ላይ ሲደርስ "አሁን ተሳለም" አልሁት። ቀኝ እጁን አነሳ፤ መኪናዋ ጠለቀች። ሳቀ፤ "ይቺ መኪና ክርስትና አልተነሳችማ!" አለ። ደገመ፤ ጠለቀች። በሦስተኛው አልሳቀም።

"እኔ ፈርቼ መሞቴ ነው" አልሁት። "አንተ ደባርቅ እስክትደርስ እኔ እዚህ ሰው አይደለሁም። የሰው መታወቂያ በጀርባው ገልብጬ ኮፒ እያደረግሁ ደንበኛ እያባረርሁ ነው። አንድ ነገር ብትሆንብኝ ምን እሆናለሁ?"

በቆሎውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "እሺ" አለ። "ከነገ ጀምሮ እጄን ከመሪ አላነሳም። በልቤ እሳለማለሁ።"

ለቄስ ልጅ ይህን ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አላጣሁትም። ቢሆንም ያን ቀን ያሸነፍሁ መሰለኝ፤ ምሽቱን ሙሉ ስዘፍን አመሸሁ።

ከዚያ ሳምንት ሳይሞላ ደባርቅ ያለችው እህቴ ወለደች፤ አራስ ልጠይቅ አብሬው ሄድሁ። ጋቢና፣ በእኔና በበሩ መካከል አንዲት እማሆይ ተቀመጡ። ዳባት ነው የሚኖሩት፤ ለቤተ ክርስቲያናቸው ጧፍ ሊገዙ ጎንደር በመጡ ቁጥር ከባለቤቴ ጋር ነው የሚመለሱት። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ አስፋልቱ ግን እርጥብ ነው። ኮሶዬ ስንደርስ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ መንገዱ ላይ ተኝቶ ነበር። ጉልላቱ አይታይም፤ ግን ሰዉ ቦታዋን ያውቃታል። ከኋላ ማማተብ ተጀመረ። ባለቤቴ አልተነቃነቀም።

ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ገበሬ አንገታቸውን አስግገው፦ "ምነው ልጄ፣ ታቦት ዘለህ ትሄዳለህ?" አሉ።

ባለቤቴ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ጆሮው ግን ቀላ።

"በልቡ ነው የሚሳለመው፣ አያ" አልሁ እኔ።

"በልብማ እኔም ሀብታም ነኝ!" አሉ።

ሰው ሳቀ። እኔ ዓይኔ እንደ ልማዱ እጆቹ ላይ ነበር። ሁለቱም መሪው ላይ ናቸው፤ ጥብቅ ብለው፣ ሸጋ ሆነው። በዚያች ኩርባ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈስሁ። ተመስገን አልሁ። ወዲያው አንድ ነገር ጆሮዬን ኮረኮረኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁትም። ኋላ ነው የገባኝ፤ የሞተሩ ድምፅ ነበር። ያው ነው፤ አልወረደም።

መጀመሪያ ክላክሱ መጣ፣ ከዚያ መብራቱ፣ ከዚያ የጭነት መኪናው ራሱ ከጉሙ ውስጥ ወጣ። ባለቤቴ ፍሬን ያዘ። ኋላችን ከእኛ ተለይቶ ወደ ገደሉ ሲዞር በመቀመጫዬ ተሰማኝ። ይህን አውቀዋለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ እንዲህ ስንሸራተት ነጥብ እየተጨመረልኝ እደሰት ነበር። እዚህ ግን ከኋላ ሰው ይጮኻል፣ እማሆይ ክንዴን ይዘዋል፣ በመስታወቱ የማየው ነጭ ጉም ብቻ ነው። ጣቴ ጭኔ ላይ የነበረውን ቦርሳ ደጋግሞ ይወጋ ነበር፤ መኪናዋን የምትመልሰውን ፊደል ነበር የምፈልገው።

ቆምን። አፍንጫችን ወደመጣንበት ዞሯል። የኋላ ጎማችን የፍሳሽ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ያቆመንም እሱ ነው። ከቦዩ ወዲያ ጉም አለ፤ ከጉሙ በታች ያለውን አውቀዋለሁ። የጭነት መኪናው ክላክሱን እንዳስጮኸ አልፎ ሄደ።

መጀመሪያ የተናገሩት እማሆይ ናቸው። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ግራ የገባቸው ይመስሉ ነበር። "ልጄ፣ ወትሮ እዚህ ስትደርስ እንደ ሙሽራ በቅሎ ዝግ ትል አልነበር? ዛሬ ምነው ጋለብህ?"

ባለቤቴ ወደ እግሩ አየ፤ የራሱ እግር መሆኑን እንደተጠራጠረ ሰው። "ኮፍያዬን ሳነሳ እግሬ አብሮ ይነሳ ነበር" አለ። "ልብ ብዬውም አላውቅ።"

ስንት ዓመት እጁን ሳይ እግሩን አይቼው አላውቅም። ለካ ያቺ ሰላምታ ፍሬኑ ነበረች፤ ሊሳለም ሲል ነዳጁን ይለቃል፣ መኪናዋ ዝግ ትላለች፣ ከዚያ ነው እጁን የሚያነሳው። ኮምፒውተሬ ላይስ? ቀኝ እጄን ሳነሳ ግራ እጄ ነዳጁ ላይ እንደተጫነ ነበር። አንድም ቀን አንስቼው አላውቅም። በዚያ ከተማ ማንም ሰው ዝግ አይልም፤ ዝግ ያለ ነጥብ አያገኝም። እኔም በዚያ ማስረጃ ባሌን አሳመንሁት፣ የሚያድነውን ነገር ከእጁ ወሰድሁበት።

ወንዶቹ ወርደው መኪናዋን ገፍተው አወጡ። ባለቤቴ ኮፍያውን አውልቆ፣ ጉሙ ወደሸፈናት ቤተ ክርስቲያን ዞሮ ቆመ። አማተበ። ሽማግሌው ገበሬ ትከሻውን ያዙለት። እኔ ከጋቢና አልወረድሁም።

እህቴ ጋ ሰንብቼ ስንመለስ ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ ገደሉ እስከ ታች ድረስ ይታያል። ለእኔ ከጉሙ የባሰ ሆነ። ኩርባዋ ስትቀርብ ምን እንደምለው ጠፋኝ። ተሳለም ብዬ ብነግረው እጁን ከመሪው ያነሳል፤ አትሳለም ብዬ ብነግረው እግሩን ከነዳጁ አያነሳም። ሁለቱም ሞት መሰለኝ። ዓይኔን ለመጀመሪያ ጊዜ ከእጁ ነቅዬ እግሩ ላይ ተከልሁና ሳላስበው እጄን ዘርግቼ ኮፍያውን ከራሱ ላይ አነሳሁለት።

እግሩ ተነሳ። የሞተሩ ድምፅ ወረደ። ግራ እጁ መሪውን እንደያዘ በቀኙ አማተበ፤ ከገደሉ በዚህ በኩል እንዳለን ቀስ ብለን ታጠፍን። ኮፍያውን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤው ነበር።

"ነገስ ማን ያነሳልኛል?" አለ እየሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

አሁን በእሱ ሚኒባስ ጋቢና የሚቀመጥ ሰው ሥራ አለው። መናኸሪያ ሳሉ ይነግረዋል፤ ኮሶዬ ላይ ኮፍያዬን አንሳልኝ ይለዋል። አንዳንዱ ይስቃል፣ ሽማግሌዎቹ ግን ሳይጠይቁ ይገባቸዋል። እኔም ከመነሳቱ በፊት ጠዋት ጠዋት እደውላለሁ። ቁርስ በላህ ወይ አልለውም። "ዛሬ ጋቢና ማን ነው?" ነው የምለው። "እማሆይ ናቸው" ያለኝ ቀን ሥራዬን እሠራለሁ። "አንድ ጎረምሳ ነው፤ ስልኩን እየነካካ ነው" ያለኝ ቀን ኮምፒውተሩን እከፍትና፣ ሁለቱንም እጆቼን ከቁልፎቹ ላይ አንስቼ፣ ኮሶዬን አልፌ ዳባት ደርሻለሁ እስኪለኝ እጠብቃለሁ።