ከመጋረጃው ወዲህ

እናቴ ስታርፍ ታናሽ እህቴ ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። እኔ ሃያ ልደፍን ጥቂት ቀርቶኝ፣ ደባርቅ ከተማ ከአንድ ሱቅ ጀርባ በተከራየኋት ክፍል ሬዲዮና ስልክ እጠግን ነበር። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተበላሸውንም ደህናውንም ጎን ለጎን እየፈታሁ፣ እያስተያየሁ ለመድሁት። አባቴ በዳባትና በደባርቅ መካከል፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ባለች የገጠር ደብር ቄስ ነበር። በልጅነቱ ዲቁና ተቀብሎ፣ እናቴን በቁርባን አግብቶ፣ ከዚያም ቀስሶ፣ ዕድሜውን ከመቅደሱ መጋረጃ በስተጀርባ ቆሞ ያገለገለ ሰው ነው።

በእኛ ዘንድ ሚስቱ የሞተችበት ቄስ ሌላ አያገባም። ካገባ ቅስናው ይፈርሳል፤ መቅደስ መግባት፣ መስቀል ማሳለም፣ ማቁረብ ሁሉ ይቀርበታል። ስለዚህ ብዙዎቹ ይመነኩሳሉ። አባቴም ድሮውንም የገዳም ናፍቆት ነበረበት። የእናቴ አርባ ሲወጣ የተሰበሰበው ዘመድ ሁሉ ይህንኑ ጠበቀ። ልጅቱ ግን አለች።

ከሊማሊሞ በታች ቆላ የምትኖረው የእናቴ እህት ነገሩን አነሳችው።

«ልጅቱን ለእኔ ይስጡኝና እርስዎ ይመንኩሱ» አለችው።

«ሊማሊሞን ከወረደች በኋላ መቼ አያታለሁ?»

«እየመጡ ይዩዋታ። መኪና እንደሆነ አለ።»

«መነኩሴ ገዳሙን ትቶ ልጅ ሊያይ ይዞራል?»

«እንግዲያው ሳይመነኩሱ ይምጡ። ቆላው ይሞቃል፤ ቆብም አያስፈልግዎ።»

ሰው ሳቀ። አባቴ ግን እህቴን ከጉልበቱ ላይ አላወረዳትም። አክስቴ በማግስቱ ብቻዋን ተመለሰች።

እኔ ልወስዳት አስቤ ነበር። ክፍሌ ግን አንድ በር እንጂ መስኮት የላትም፤ ብየዳ ስበይድ ጭሱ የሚወጣው በዚያው በር ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ከዚያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ምን ትሆናለች? እናም እህቴ ከአባቴ ጋር ቀረች።

ችግሩ የአባቴ የቅዳሴ ተራ ሲደርስ ነበር። ሰሞነኛ የሆነ ቄስ ሳምንቱን ቤቱ አያድርም፤ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ካለችው ጎጆ ነው የሚያድረው። በዚያ ሳምንት እህቴን የምትጠብቃት ጎረቤታችን ነበረች። በፍልሰታ ጾም፣ ቅዳሴው በየቀኑ በሚቀደስበት ጊዜ፣ ሴትዮዋ ገብስ ውስጥ የገባ ጥጃ ልትመልስ ወጣ አለች። እህቴ ድንች የሚፈላበትን ድስት ጎተተችው። እግሯ እስከ ጉልበቷ ተቃጠለ።

ጎረቤታችን የምትይዘው የምትጨብጠው ቢጠፋት ልጅቱን አቅፋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጠች። አባቴ በዚያ ሰዓት መቅደስ ውስጥ ነበር። ቅዳሴ የገባ ቄስ ደግሞ ሳይጨርስ አይወጣም። ሰዎች ልጅቱን ተቀብለው ወደ ጤና ኬላ ወሰዷት።

ተደውሎልኝ ከሰዓት በኋላ ስደርስ አባቴ በራችን ላይ ተቀምጦ፣ የታሸገ እግሯን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በጋቢው ጫፍ ዝንብ ይከላከልላት ነበር። እሷ ተኝታለች።

«ሰምቻት ነበር» አለኝ። «ከቅጥሩ በር ጀምሮ ድምጿን ለይቼዋለሁ።»

አጠገቡ ተቀመጥሁ።

«አንዲት ቃል አልሳትሁም። አንዲት ቃል አልዘለልሁም» አለ። ይህን ሲናገር እንደሚኮራ ሰው አልነበረም።

እግሯ ከዳነ በኋላ አባቴ ወደ ንስሐ አባቱ ሲሄድ አብሬው ሄድሁ። ንስሐ አባቱ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ መነኩሴ ናቸው፤ ከደጃቸው ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«አባ፣ ላገባ ነው» አላቸው።

«ማንን?»

«ገና አላውቅም።»

መነኩሴው ሳቁ። «ሙሽራዋ ሳትታወቅ ጠላው ተጠመቀ በለኛ።» ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ ልክ ነህ። ግን ከዚህኛው ከወረድህ ተመልሰህ አትወጣበትም» አሉት።

«አውቃለሁ፣ አባ።»

«አብርሃም እኮ ለልጁ አልሳሳም።»

አባቴ መሬት መሬት እያየ «አብርሃምንም እጅህን ከልጁ ላይ አንሣ ያለው እግዚአብሔር ራሱ ነው» አለ።

ሽማግሌው መስቀሉን ሊቀበሉ እጃቸውን ዘረጉ። አባቴ መስቀሉን ከኪሱ አውጥቶ፣ ሳመና ሰጣቸው። ስንመለስ በመንገዱ ሁሉ እጁን ወደ ኪሱ ሲልክና ባዶውን ሲመልስ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ያገባት ሴት በቡይት ራስ በኩል ከአንድ የእንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት የምትሠራ፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ነበረች። ሽማግሌዎች ሲያስተያዩአቸው እሷ የምታየው አባቴን ሳይሆን እህቴን ነበር።

«ለመሆኑ የማገባው አንቱን ነው ወይስ እሷን?» አለችው።

«እሷን ነው» አላት አባቴ።

«እንዲያ ከሆነ እሺ።»

ከሠርጉ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄድን። አባቴ ጥምጥም አልነበረውም። ጥምጥሙ ለዓመታት ይሸፍነው የነበረው ግንባሩ ከቀሪው ፊቱ ነጣ ብሎ፣ ድንበር የተሰመረበት ይመስል ነበር። መንገድ ላይ አንዲት አሮጊት እንደ ልማዳቸው መስቀል ሊሳለሙ ጎንበስ አሉ። አባቴ ቆመ። «እማማ፣ የለኝም» አላቸው። አሮጊቷ ቀና ሳይሉ ትንሽ ቆዩና ትከሻውን ስመው አለፉ። ሁሉም እንደሳቸው አልሆነም። ዕድሜ ልኩን አንቱ ሲሉት የኖሩ አንዳንድ ሰዎች አንተ ማለት ጀመሩ፤ ሌሎቹ ሁለቱንም ላለማለት ብለው ከሩቅ መንገድ ቀየሩበት። የእንጀራ እናቴ ግን ቤት ውስጥም ውጭም አንቱ እንዳለችው አለች።

ቤተ ክርስቲያን እንደ ማንኛውም ምእመን ከወንዶች ጋር ቆመ። ቅዳሴው ሲጀመር የቄሱ ክፍል በደረሰ ቁጥር ከንፈሩ ቀድሞ ይንቀሳቀሳል። ሲታወቀው በጋቢው አፉን ሸፈነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እየተሸፈነ ነው የሚያስቀድሰው።

ሰባኪ ስለ አምላክ ፍቅር ሲያስተምር ሰው ሁሉ መስቀሉንና ችንካሩን ያስባል። እኔ ግን ከዚያ በፊት ከሰማይ መውረዱ ይታየኛል። ክብሩን ትቶ፣ ማንም ሳያውቀው ከሰው መካከል መቆሙ። ደባርቅ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ስሠራ የደወል ድምፅ ከሰማሁ አባቴ አሁን የት ጋ እንደቆመ አውቃለሁ፤ ከግድግዳው ጥግ፣ ሰው ከማይጋፋው ቦታ። ሄጄ አጠገቡ ብቆምም ያ ቦታ የአንድ ሰው ብቻ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ እሑድ እህቴ ልትቆርብ ስለነበር ሳትበላ ይዘናት ሄድን። ሰዉ ተሰብስቦ ይጠብቃል፤ ቅዳሴው ግን አይጀመርም። ቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ካልተሟሉለት አይቀደስም። አንደኛው ቄስ ማዶ ቀበሌ ለቀብር ሄደው ወንዝ ሞልቶባቸው ቀርተዋል። ብዙ ከተጠበቀ በኋላ ሌላኛው ቄስ ወጥተው «ዛሬ ቅዳሴ ታጉሏል፤ ሁለተኛ ቄስ የለንም» አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ላለማየት ሲጠነቀቅ አየሁ። ከኋላችን ብቻ አንድ ሰው ለጎረቤቱ ቀስ ብሎ «ነበረንማ» አለው። አባቴ ሰምቷል። ዓይኑን ከተዘጋው መጋረጃ ላይ አላነሳም። ምእመኑ ጃንጥላውን እየዘረጋ፣ ደጁን እየተሳለመ ተበተነ።

«እንሂድ፣ አባዬ» አልሁት።

«እናንተ ሂዱ። እኔ ሰዓቱ እስኪደርስ ልቁም።»

ቅዳሴው ቢኖር የሚያልቅበትን ሰዓት ማለቱ ነበር። ከእኛ በቀር ማንም አልቀረም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። አባቴ ጋቢውን ከአፉ ላይ አወረደ። እህቴ ግን እጁን ያዘችው።

«አባባ፣ ራበኝ።»

ወደ መጋረጃው አየ፣ ወደ እሷ አየ። ከዚያ ወለሉን ስሞ ተነሣና በጀርባው አዘላት፤ ጋቢውንም አለበሳት።

«እማ ምን ሠርታልሽ ይሆን?» አላት በሩን ሲወጣ።

«ሽሮ።»

«እንግዲያው ሳይበርድ እንድረስ።»

ፈጠን ብሎ ቀደመኝ። ጭቃው ላይ የሰው ዱካ ሞልቷል፤ መንገዱ ላይ ግን ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም።