ለትራፊክ የተሰፋ ቀበቶ

ሙሀመድዘይን ውሸት የሚወድ ሰው አይደለም። ሶላቱን አያሳልፍም፤ የሰው ጨርቅ አያስቀርም፤ "ነገ ና" ያለው ደንበኛ ነገ ሲመጣ ወንበሩን ሰፍቶ ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለ የእጅ ባለሙያ ስንት እንደሚገኝ ልብስ አሰፍታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከሐይቅ መጥቶ ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ የመኪና ወንበር መስፋት ከጀመረ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ከእጁ የወጣ የውሸት ዕቃ ቢኖር አንድ ቀበቶው ነው። እሱንም ቢሆን ውሸት ብሎት አያውቅም፤ "የትራፊክ ቀበቶ" ነው የሚለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ቀበቶ ያላሰረ ሾፌር መቅጣት የጀመረ ሰሞን ከተማው ውስጥ ያለ ቀበቶ የተሠሩ፣ ወይም የነበራቸውን አይጥ የበላባቸው አሮጌ መኪኖች ሞልተው ነበር። ፊያቱም፣ ላዳውም፣ ቮልሱም በየተራ መጥቶ ሙሀመድዘይን በር ላይ ቆመ። እሱም ከመርካቶ ጥቁር ጥብጣብ አመጣ፤ ከፈራረሱ መኪኖች መቆለፊያ ለቀመ፤ ሰፋ። የላይኛውን ጫፍ በሁለት ትንንሽ ብሎን የበሩ ምሰሶ ልባስ ላይ ያስነክሰዋል፣ የታችኛውን ከወንበሩ ልብስ ጋር ይሰፋዋል። መልኩ ቀበቶ ነው፤ ሲቆልፉትም እንደ ቀበቶ ቀጭ ይላል። ሰው ግን አይዝም፤ ጠንከር አድርገው የሳቡት እንደሆነ ከነብሎኑ ይመጣል። ደንበኞቹም ያውቃሉ፣ እሱም አይደብቅም። "ይቺ ለትራፊክ ናት፤ ለግጭት አይደለችም" ይላቸዋል። ይስቃሉ። ትራፊኩ በመስኮት አይቶ ያሳልፋል እንጂ ገብቶ አይጎትት። በዚህ ዓይነት ስንት መኪና እንዳስታጠቀ ራሱም አያውቀውም።

የመጨረሻ ልጁን አማልን ያገባው ዘካሪያ ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ ጡረተኛ መምህር ቮልስ ገዛ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖሩት፤ አማል ቃሊቲ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች፣ እሱ እዚያው ኮዬ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አለው። መኪናዋ በመጣች በሳምንቱ ዘካሪያ በቀበቶ ተያዘና ወደ አማቱ መጣ። መቼም የሙሀመድዘይን ደስታ ልክ አልነበረውም፤ ለልጄ ነው ብሎ ከጥብጣቡ ምርጡን መረጠ፣ የአማልን በኩል በድርብ ክር ሰፋ፣ ጠርዙን አጠፈ። እጁ የለመደውን ሠራ፤ ልቡ እጁን አልጠየቀም። ያን ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ "እንኳን ደስ አላችሁ" እያለ ቮልሷን ይዞራት ነበር። ለባዳው ሁሉ የሚላትን "ይቺ ለትራፊክ ናት" የምትለዋን ቃል ለገዛ ልጁ ባል ሳይነግረው ቀረ። ማታ ሲተኛ ትዝ አለው። ነገ እነግረዋለሁ አለ። በነጋታው አማል ሥራ ቦታዋ ለጓደኞቿ "ቀበቶውን አባቴ ነው የሰፋው" ብላ እንዳሳየች ሰማ። ከዚያ በኋላ ምን ብሎ ይናገር?

ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው። ሆድ ግን ሁሉን አይፈጅም። ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቮልሷ በሱቁ በር ታልፋለች፤ ዘካሪያ ጡሩንባ ይነፋል፣ አማል ጥቁሩን ጥብጣብ በደረቷ አሳልፋ በመስኮት እጇን ታወዛውዛለች። እሱም እጁን ያነሳል። እነሱ ካለፉ በኋላ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ያቅተዋል። አንድ ቀን አምስት ደቂቃ ከዘገዩ ሥራውን ጥሎ አስፋልቱ ዳር ይቆማል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም የሚሉት እሱን መሰለው።

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዘካሪያ ቮልሷን ሱቁ በር ላይ አቁሞ ወረደ። እጁ ላይ ፌስታል ይዟል።

"አባባ፣ የኋላውን ወንበር ያውጡልኝ" አለ። "ከሰኞ ጀምሮ ባልዲውንና ጀሪካኑን ራሴ ልጭነው ነው። ኋላ የሚቀመጥ ሰው እንደሆነ የለን። ሊብሬው ላይ የሚስተካከለውን አስተካክላለሁ።"

"እሱ ቀላል ነው።"

"ደግሞ ይሄን ይዩልኝ።" ከፌስታሉ ውስጥ ሁለት ቀበቶ አወጣ። ከፈረሰ የጃፓን መኪና የተፈታ፣ ሲለቁት ራሱ የሚጠቀለል፣ ከነወፍራም ብሎኑ። "ዘንድሮ ምርመራ ላይ ቀበቶውን እየሳቡ ነው የሚያዩት አሉኝ። የድሮውን አውጥተው ይሄን ያስገቡልኝ። ድካሜ ነበረበት ብለው አይቀየሙኝማ?"

ሙሀመድዘይን ቀበቶውን ተቀብሎ ሳበው። ቀጥ አድርጎ ያዘ። እንደገና ሳበው፤ ያዘ። ዓይኑ ውስጥ እንባ ሲመጣ ተሰማውና ፊቱን ወደ ስፌት መኪናው አዞረ። ሁለት ዓመት የተሸከመው ነገር፣ ማንም ሳያውቅበት፣ በአንድ ቅዳሜ ሊወርድለት ነው።

"ምን ያስቀይመኛል" አለ። "ሂድ ሥራህን ሥራ፤ ስምንት ሰዓት ላይ ና።"

የቮልስ የኋላ መቀመጫ አያስቸግርም፤ ሽቅብ ሲሉት ይነሳል። መደገፊያውን ፈታ፣ መቀመጫውን ከነሽቦ ጥቅሉና ጭድ ከሚመስለው ሙሌቱ ጋር አቅፎ አወጣው። ሥሩ ከዘመናት በፊት የወደቀ ነገር ነበረ፦ የመምህሩ ጠመኔ፣ የእርሳስ ቁራጭ፣ አንድ የልጅ ካልሲ። አቧራውን አራግፎ ወደ ጎን አደረገው። በቀኝ በኩል፣ ወንበሩ የነበረበት ቦታ ላይ፣ ባትሪው ተቀምጧል። በቮልስ ባትሪ እዚያ ነው የሚቀመጠው። ለስንት ዓመት አሲድ ሲያንጠባጥብ እንደኖረ እንጃ፣ ዙሪያው ነጭና ቡናማ ሆኗል። ምንጣፉን ገለጥ ሲያደርግ በመኪናዋ ወለል ቀዳዳ የሱቁን ደጃፍ ድንጋይ አየ።

ደነገጠ እንጂ ተስፋ አልቆረጠም። ዝገቱን በጣቱ እየተከተለ ወደ ፊት ሄደ፤ ከወለሉ ወደ በሩ ደፍ፣ ከደፉ ወደ ምሰሶው ሥር፣ ከምሰሶው ሥር ወደ ላይ። ያ ወፍራም ብሎን የሚታሰረው እዚያ ነው። የራሱን የድሮ ሥራ፣ የምሰሶውን ልባስ ሲያነሳ፣ ውስጡ ዱቄት ሆኖ እጁ ላይ ፈሰሰ።

በያጁን ኦልጅራን ከጎረቤት ጠራው። አማል የምትኖርበት ኮንዶሚኒየም የቆመው የኦልጅራ አባት ሽምብራ ሲዘሩበት በነበረው መሬት ላይ ነው፤ ስለዚህ ኦልጅራ ባገኘው ቁጥር "ልጅህ ሽምብራችን ላይ እንዴት አደረች?" ይለዋል። ዛሬም ይህንኑ እያለ መጣና መኪናው ውስጥ አንገቱን አስገባ። ካቻቢቴውን አወጣና ምሰሶው ሥር ተከለው። ሳይገፋው ገባ።

"ይሄ ብረት አይደለም" አለ። "ብስኩት ነው። ቀለሙ ነው አቅፎ የያዘው።"

"ላሜራ ብትደርብበትስ?"

"ከምን ጋር ልበይደው? ብየዳ ብረትን ከብረት ነው የሚያጋጥመው። እሳት ባስነካሁት ቁጥር ቀዳዳው እየሰፋ ጣሪያው ድረስ ነው የሚሄድብኝ።"

"ቆርጠህ በአዲስ ቀይረዋ።"

"የቆረጥኩ እንደሆነ የሚተርፍልህ መሪው ብቻ ነው። ጤነኛ የቮልስ አካል ደግሞ የት ይገኛል?" ኦልጅራ እጁን በሱሪው ጠረገ። "ብሎኑን አስገባው ካልከኝ አስገባዋለሁ። ያምርልሃል። ሲጎተት ግን ያው ነው።"

"ያው ከምኑ?"

ኦልጅራ የተንጠለጠለውን ጥቁር ጥብጣብ አየ። ለራሱ አሮጌ ፊያትም አንድ አሰፍቶ ያውቃል። "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ..." ብሎ ጀመረና የሙሀመድዘይንን ፊት ሲያይ የቀረውን ዋጠው። ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ወደ ብየዳው ተመለሰ።

ሙሀመድዘይን ባወጣው የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። አትንዳው ልበለው? የዘካሪያ ሱቅ ከሰኞ ጀምሮ በእሷ ላይ ሊቆም ነው። ምርመራ ላይ ይጥሏት ይሆናል፤ ይጣሏት፤ ግን እስከዚያ ድረስ አማል በየቀኑ ትሄድባታለች። ሽጧት ልበላቸው? ለማን? የሌላ ሰው ልጅ እንድትቀመጥባት? ሠላሳ አራት ዓመት የተቀደደ ሁሉ ሲመጣለት "ይሰፋል" ያለ ሰው፣ ያን ዕለት ማለት አቃተው። አቅም አጣ። እውነተኛዎቹን ቀበቶዎች ጠቅልሎ ወደ ፌስታላቸው መለሳቸው፤ ምንጣፉንና ልባሱን ወደ ቦታቸው አድርጎ ሁለቱን ትንንሽ ብሎኖች መልሶ አጠበቃቸው።

አማል ቅዳሜ የምትሠራው ግማሽ ቀን ነው። ከፋብሪካው በእግሯ መጣች፤ ዘካሪያ ገና አልደረሰም። አባቷ ሜዳ ላይ የወጣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስታየው ሳቀች፤ ከዚያ መሳቋን ተወች።

"ምን ሆነሃል አባዬ?"

"ይሄ ቀበቶ አይዝም" አላት። ሁለት ዓመት ያልወጣው ነገር በሦስት ቃል አለቀ ማለት ነው።

አማል መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። የወንበሩ ሽቦ ጮኸ።

"አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"አለመያዙን። እኔ እኮ ፋብሪካው ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ስፌት እየጎተትኩ ነው የምውለው። ያስገባኸው ዕለት ነው የሳብኩት።"

"ታዲያ ለሰው ሁሉ አባቴ የሰፋው ነው የምትዪው ምን ሆነሽ ነው?"

"ስፌቱማ ያንተ ነው። ስፌቱ አንድም እንከን የለውም። የተሰፋበት ነገር ነው እንጂ።"

ይህን ያለችው ልትሸነግለው አልነበረም፤ እንደ ሥራ ባልደረባ ነበር የነገረችው። እሱን ግን ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ምን ታደርገው ነበር?"

"አትሂጂባት" አላት።

"ታዲያ በምን ልሂድ? በታክሲ ስመላለስ ለሦስት ሰው ወንበር አራተኛ ሆኜ ነበር። እዚያ እንደሆነ የውሸቱም የለም።" እጁን ያዘችው። "ለዘካሪያ እንዳትነግረው። እየፈራ ከሚነዳ ሳያውቅ ቢነዳ ይሻላል። ልኩ አልመጣም በለው።"

ዘካሪያ ሲመጣ ልኩ አልመጣም አለው። ዋሸ። ዘካሪያም "ሌላ እንፈልጋለን" ብሎ ባትሪው ላይ ቁራጭ ጣውላ ጣል አደረገበትና ተነሱ።

"እኔም ልሸኛችሁ" አለ ሙሀመድዘይን።

"የት ይቀመጣሉ አባባ? ወንበሩን እኮ አውጥተውታል።"

"መሬት ላይ ተቀምጬ ነው ያደግኩት።"

የአማልን ወንበር አጥፎ ገባ፤ ከባትሪው ጎን፣ ባዶው ላሜራ ላይ፣ ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠ። ፌስታሉ እግሩ ሥር ነው። አማል ቀበቶዋን ቆለፈች፤ ቀጭ አለ። መኪናዋ ስትንቀሳቀስ እሱ ከኋላዋ እጁን ወደ ምሰሶው ሰደደና ጥብጣቡን ከላይ በኩል ይዞ መዳፉ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠመው። ግንባሩ የወንበሯን ጀርባ ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። ከሥሩ፣ ምንጣፉ በሸሸበት ቀዳዳ፣ አስፋልቱ ይሮጣል።

"ምን እያደረግክ ነው?" አለች ሳትዞር።

"የምይዘው አጥቼ ነው።"

ቱሉ ዲምቱ ሊደርሱ ሲሉ ከጎን አንድ ጭነት መኪና ፍሬቻ ሳያሳይ ገባባቸው። ዘካሪያ ፍሬኑን ረገጠ። ይህን ያህል አደገኛ ነገር አልነበረም፤ በዚያ መንገድ በቀን አሥር ጊዜ የሚያጋጥም ነው። ሁለቱ ትንንሽ ብሎኖች ግን ተነቅለው በረሩ። ሙሀመድዘይን ባለ በሌለ ኃይሉ ያዘ፤ ጥብጣቡ መዳፉን እየላጠ፣ ዙሩን እየፈታ፣ ከጣቶቹ መሀል ሾልኮ ሄደ። አማል በሁለት እጇ ዳሽቦርዱን ገፍታ ራሷን አቆመች።

ዘካሪያ የጭነት መኪናውን ሾፌር እየተራገመ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም፤ ምንም አላየም። አማል የተፈታውን ጥብጣብ ከጭኗ ላይ አንስታ በትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ አቀበለችው።

"አብሽር አባዬ" አለች በዝግታ። "ይዘኸኛል።"

"አዎ" አለ።

አደባባዩ ጋ ትራፊክ ቆሟል። አማል ወደ ኋላ ዘንበል ብላ "ከላይ ያዝልኝ" አለችው። ሙሀመድዘይን የተላጠ እጁን ዘርግቶ የጥብጣቡን ጫፍ ብሎኑ የነበረበት ቦታ ላይ በአውራ ጣቱ ተጫነው። ትራፊኩ ጎንበስ ብሎ በመስኮት አየ፤ መጀመሪያ የዘካሪያን ደረት፣ ቀጥሎ የአማልን ደረት፤ በእጁ እለፉ አላቸው።

ትራፊኩን አልፈው ኮዬ ፈጬ እስኪገቡ ድረስ እጁን ከምሰሶው ላይ አላወረደም።