የተገለበጠው ሹፌር ስም

ለንደን፣ ብሪክስተን ሰፈር ባለው ሳሎናችን ውስጥ ልጄ በስልኩ የስፕሪንት ካር ሻምፒዮና ታሪክ ያያል። ጣራቸው ላይ ክንፍ የተገጠመላቸው ትንንሽ መኪኖች በአፈር ሜዳ ይሽከረከራሉ፤ የየዓመቱ አሸናፊ ዋንጫ ይዞ ይስቃል። የሞተሩን ጩኸት ስሰማ አንድ የልጅነት ቀን ትዝ አለኝ።

ልጅ ሆኜ፣ ለንደን በመጣሁ ሰሞን፣ አጎቴ ይህንኑ ዓመታዊ ውድድር ሊያሳዩኝ ከከተማ ወጣ ወዳለ ሜዳ ወሰዱኝ። ቦታው የተቃጠለ ጎማና የተጠበሰ ሽንኩርት ይሸታል፤ ጭቃው ፊታችን ድረስ ይረጫል። ወደ መጨረሻው ላይ አንድ መኪና ተገለባብጦ አጥሩ ሥር መጨስ ጀመረ። እኛ ትንፋሻችን ሲቆም፣ ዙሪያችን ያለው ሰው እየጮኸ አጨበጨበ። ቺፕሱን መብላት ያላቆመም ነበር።

አጎቴ ኮፍያቸውን አውልቀው አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጠየቁት።

“የሹፌሩ ስም ማነው?”

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ሊያስደርጉለት ነበር፤ ለዚያ ደግሞ ስም ያስፈልጋል።

“አስራ ዘጠኝ ቁጥር ነው” አለ ሰውየው፣ መኪናው ላይ የተጻፈውን ቁጥር እያሳየ።

“ስሙን ነው የጠየቅሁህ!”

“አስራ ዘጠኝ አልኩህ እኮ!” ብሎ ሳቀባቸው።

አጎቴ እጄን ያዙ። “ተነስ፣ እንሂድ። ቄሱን ‘አስራ ዘጠኝ ቁጥርን ይማርልን በሉ’ ልበላቸው?”

ዋንጫው ሲሰጥ ወጣን። ሹፌሩ ይትረፍ ይሙት አላወቅንም።

ልጄን ያንን ዓመት እንዲያወጣልኝ ጠየቅሁት። ሻምፒዮኑ ከነሙሉ ስሙ መጣ።

“የተገለበጠውስ?”

“አባዬ፣ እሱ እኮ አላሸነፈም። ሂስትሪው የዊነሮች ነው።”

“አጥፋው!” አልኩት።

የስልኩን ድምፅ ብቻ ቀነሰው።