የአሥራ ሁለቱ ልጆች ፊልም

ባለቤቴ ታመነ ሐይቅ ከተማ ላይ ፎቶ አንሺ ነበር። በደርግ ጊዜ ያለ ቀበሌ መታወቂያ ስኳር እንኳ አይገዛም፤ ስለዚህ የከተማው ሰው ሁሉ አንድ ቀን እሱ ፊት ተቀምጧል። እኔ ፎቶ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፤ በመሠረተ ትምህርት ባገኘኋት ፊደል የሰው ስም ከጀርባው እጽፋለሁ። እሱ ግን ሥራው ሰልችቶት ነበር። «ሰው እኮ እኔ ፊት ሲቀመጥ የሞተ ይመስላል» ይለኝ ነበር።

እኛ አልወለድንም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል፣ በሰባ ስምንት ክረምት ተማሪ ቤት ሲዘጋ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ ፎቶ ላስተምር ያለው። ካሜራው አንድ ነው፣ ፊልም ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ የሳሙና ካርቶን መሀሉን በመስኮት መልክ ቀደደና በሲባጎ አንገታቸው ላይ አንጠለጠለላቸው። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ወደ ሐይቁ ዳር ይዟቸው ይወርዳል። ልጆቹ በካርቶኑ ቀዳዳ ወፉን፣ ውሃውን፣ አሣ አጥማጁን ሲያዩ ይውላሉ። «ፀሐይን ከኋላችሁ አድርጉ! ደመና ሲሆን የሰው ፊት አንሱ፣ ፊት በደመና ይለሰልሳል!» እያለ ይጮኻል።

አንድ ቀን አያ አብደላ የሚባሉ ሽማግሌ በሬዎቻቸውን ውሃ ሊያጠጡ ቢመጡ፣ ልጆቹ ሁሉ ካርቶናቸውን አነጣጠሩባቸው።

«ምንድነው የምታዩት እናንተ?»

«እርስዎን ነዋ፣ አያ!»

«አቦ! ያለ ካርቶን አልታይ ማለት ጀመርሁ እንዴ?»

ታመነ ያን ቀን የሳቀውን ሳቅ ከዚያ ወዲያ አልሳቀውም።

ነሐሴ ላይ አንድ ፊልም ከደሴ ገዝቶ መጣ። አሥራ ሁለት ነው የሚያነሳው፤ ልጆቹም አሥራ ሁለት። «ለእያንዳንዳችሁ አንድ። ከዓይናችሁ እንዲጠፋባችሁ የማትፈልጉትን አንሱ» አላቸው። ካሜራውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥሎ ተራ በተራ ብቻቸውን ይልካቸዋል። አብደሃል ወይ ብዬ ሰደብሁት። «እኔ አጠገባቸው ከቆምሁ የእኔ ፎቶ ይሆናል» አለኝ። አንዱ አያቱን አነሳ። አንዱ ጫማውን። «አዲስ ነዋ ጋሼ፣ ቢሰርቁኝስ!» ሂንድ የምትባለው የጎረቤታችን የአሚናት ልጅ ደግሞ ካሜራውን ይዛ ገጠር፣ አርዲቦ አጎቷ ዘንድ ወጣች፤ በማግስቱ ደስ ብሏት ተመለሰች። ማንን እንዳነሳች ብንጠይቃት ሳቀች እንጂ አልተናገረችም።

ይህን የሰማው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሙሉጌታ ከበራችን ቆመ። «ጓድ ታመነ፣ የሕፃናቱ ፎቶ ለአብዮት በዓል አዳራሽ ይሰቀላል። ፊልሙንም ጭምር አምጣ።»

ታመነ በማግስቱ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኖ ፊልሙን አጠበ። ወደ ብርሃን አውጥተን ዘረጋነው። ከጫማውና ከአያትዬዋ ቀጥሎ አንድ ጎረምሳ የአጎቱ ጎጆ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይስቃል። የሂንድ ወንድም ሰላሀዲን ነው። አሚናት ለብሔራዊ ውትድርና ሊወስዱት ሲመጡ «አሰብ ለሥራ ሄዷል» ብላ በቀበሌው ፊት ወላሂ ብላ የማለችበት ልጅ። ሂንድ አትናገሪ ተብላ ነበር፤ አልተናገረችም። አታንሺ ያላት ግን የለም።

«የእሷን ብቻ ቆርጠህ ጣለው» አልሁት።

«የእሷ ብቻ ከጎደለ ማንን አንስተሽ ነበር ትባላለች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የሁሉም ከጠፋ ግን አንዷን ለይቶ የሚጠይቅ የለም።»

ከዚያ ፊልሙን እምድጃው ውስጥ ከተተው። ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን ሌላ አዲስ ፊልም ፀሐይ ላይ ዘረጋና አጠበው፤ ከል መሰለ። ያንን ይዞ ሙሉጌታ ዘንድ ሄደ። «ብርሃን ገብቶበት ተቃጠለ» አለ።

«አሻጥር ነው!» አለው ሙሉጌታ። ቀበሌ እስር ቤት አሳደሩት፤ የመታወቂያውን ሥራም ለሌላ ሰው ሰጡበት። ይህስ ይሁን። ልጆቹ ናቸው የጎዱት። በመንገድ ሲያልፍ «ታመነ ቀጣፊ!» ይሉታል፤ ወላጆቻቸው ፊልሙን ሸጦታል ብለው ያወራሉ። ሂንድ መጥታ በር ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ የእኔስ?»

«የሁሉም ተቃጠለ፣ ልጄ።»

«የእኔን እንኳ ቢያስቀሩልኝ ምናለበት?»

ከዚያ ወዲህ አንድም ልጅ ይዞ ሐይቁ ዳር አልወረደም።

ሰላሀዲንም አልዳነም። ጥር ላይ መደበቁ ሰልችቶት መርሳ ገበያ ወጣ፤ አፈሳ ላይ ወደቀ፣ በመኪና ጭነው ወደ ሰሜን ወሰዱት። በዚያው ቀረ። አሚናት ቤት አንድ ፎቶ የለም፤ ለመታወቂያ እንኳ እንዳይነሳ ትሸሽገው ነበርና።

ደርግ ሲወድቅ ታመነን ለመንሁት። «አሁንስ ምን ቀረ? ለሂንድ ንገራት እንጂ።»

«ምን ብዬ? የወንድምሽ ፎቶ ነበረ፣ እኔ በእጄ አቃጠልሁት ልበላት? ወይስ ወንድምሽን ልታስይዢው ነበር ልበላት? ቀጣፊ ብትለኝ ይቀላል።»

ቀጣፊ እንደተባለ ሞተ። ለቅሶ ላይ ሂንድ የልጆች እናት ሆና መጣች። ሰዉ ሲበተን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እትዬ ጥሩብርሃን፣ ጋሼ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ያችን ፎቶ ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኋቸውም። የወንድሜ መልክ ጠፍቶብኛል» አለችኝ።

ያኔ አልቻልሁም። ከነምድጃው፣ ከነፀሐዩ ሁሉንም ነገርኋት። አመሰግናለሁ የምትል መስሎኝ ነበር።

«ጥርት ብሎ ነበር?» አለች።

«ጥርት ብሎ።»

«እየሳቀ?»

«እየሳቀ።»

«ለጥቂት ወር ብለው ነዋ፣ እትዬ! እሱ እንደሁ መሄዱ አልቀረ። ምናለ ፎቶውን እንኳ ለእናቴ ባተረፉላት!»

እሱ ይህን ሊያውቅ ይችል ነበር ወይ ልላት አሰብሁ፤ ከአፌ ሳይወጣ ሻሿን አጥብቃ ተነሳች። ቤቷ ከቤቴ ጋር አጥር ለአጥር ነው። ከዚያ ወዲህ ደጄን ረግጣ አታውቅም።