የኤውሎሂያ ሁለተኛ ቤት

አሜሪካና ሜክሲኮ ተዋግተው ሲታረቁ፣ ሪዮ ግራንዴ ወንዝ ድንበር ይሁን ተባለ። ዶኛ አና መንደር በምሥራቁ ዳር ነበረችና አንድ ቀን አሜሪካ ሆና አደረች። ኤውሎሂያ ባሬላ ጠዋት ተነስታ በቆሎዋን ስትፈጭ የተለወጠ ነገር አልታያትም። ባሏ ክሬሴንስዮ ግን ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቱን አጨማዶ ገባ።

«ተነሺ። በባዕድ ባንዲራ ሥር አልኖርም። ወንዙን ተሻግረን መሲያ እንሰፍራለን፤ እዚያ አሁንም ሜክሲኮ ነው።»

«ቤቱስ?»

«ቤቱም ይሄዳል።»

እውነትም ሄደ። ክሬሴንስዮ የጣሪያውን ግንዶች አውርዶ፣ በሩን ነቅሎ በበሬ ጋሪ ጫነ። የአገር ፍቅሩ ግንድ ለመጫን እንጂ ጭቃ ለመርገጥ አልበቃም። ማዶ ላይ ግድግዳውን በመዳፏ የለሰነችው ኤውሎሂያ ናት፤ እሱ አደባባይ ቆሞ ለሰፋሪው ስለ ክብር ያስረዳ ነበር። ወንድሟ ቴዎዶስዮ በርበሬውን ጥሎ አልሄድም ብሎ ዶኛ አና ቀረ። ክሬሴንስዮም «ፈረንጁ አማቼ» የሚል ስም አወጣለት።

መሲያ የተከሉት ወይን ማፍራት በጀመረበት ዓመት፣ አሜሪካ ለባቡር ሐዲድ የሚመች ሜዳ አማራት። ባቡሩ ገና የለም፤ ሜዳው ግን ቶሎ ተፈለገ። ሩቅ ሜክሲኮ ከተማ ያሉት ሹማምንት ካዝናቸው ነጥፎ ነበርና ሸጡላት፤ መሲያም አብራ ተሸጠች። ነዋሪውን ለመጠየቅ ጊዜ አላገኙም፤ ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል።

ወታደሮች መጥተው አደባባዩ ላይ ባንዲራ ሰቀሉ። መኮንኑ ረጅም ንግግር አደረገ። አስተርጓሚው አሳጠረው፦ «እንኳን ደስ አላችሁ። ያልተመቸው ወደ ደቡብ ይሂድ።»

በዚያው ቀን ቴዎዶስዮ አንድ ገንቦ ወይን ይዞ ተሻገረ።

«አማቼ፣ እንኳን ደህና መጣህ» አለው፣ በራሱ በክሬሴንስዮ ደጃፍ ቆሞ። «አንተ ብዙ ደከምክ እንጂ፣ እኛስ ቁጭ ብለን ነው የደረስነው።»

ክሬሴንስዮ አልሳቀም። በማግስቱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ግንዶቹን ማላቀቅ ጀመረ። ኤውሎሂያ ከታች ሆና አየችው።

«ምን ልትሆን ነው?»

«ወደ ደቡብ እንሄዳለን። እዚያ ሜክሲኮ ነው።»

«እስከ መቼ?»

ሌላ ግንድ ማላቀቅ ያዘ።

«ስማኝ ሰውዬ። ጣሪያው ያንተ ነው፣ ውሰደው። ግድግዳው የኔ ነው፤ የትም አይሄድም።»

ጣሪያውን ትቶ አንድ አህያ ይዞ ሄደ። እሷም በወንድሟ በሬዎች አርሳ በርበሬዋን ተከለች። ማታ ማታ ወደ ደቡብ መንገድ ማየቷ ግን አልቀረም፤ ማንም እንዳያይባት እየተጠነቀቀች።

ወይኑ ሲበስል ክሬሴንስዮ ከስቶ ተመለሰ። ባቄላና የበቆሎ ቂጣ አቀረበችለት።

«አገሩ እንዴት ነው?»

«አገሩ የኛ ነው» አለ እየጎረሰ። «ውሃ የለውም እንጂ።»

በዚያው ዓመት አዲሱ ፍርድ ቤት ሸንጎ ላይ ተቀምጠው የሚፈርዱ ሰዎች ሲፈልግ፣ አደባባይ ላይ አብዝቶ የሚናገረውን ክሬሴንስዮን መረጠ። እሱም በማያውቀው ቋንቋ ምሎ ሲፈርድ ዋለ፤ ሲመለስ አንገቱ ቀና ብሎ ነበር።

«ምን ፈረዳችሁ?» አለችው።

«ነገሩ ብዙም አልገባኝም። ግን በአንድ ድምፅ ነው የወሰንነው።»

«ጥሩ ነው። በል አሁን የመስኖውን ቦይ ክፈት፤ የውሃው ተራ ዛሬ የኛ ነው።»