ከጋሸና ቁልቁል የሸተተን ነገር

ባለፈው ወር ለሥራ ወደ ላሊበላ ስሄድ፣ ጋሸናን አልፈን ቁልቁለቱን እንደ ጀመርን መኪናው ውስጥ የቃጠሎ ሽታ ገባ። ወጣቱ ሾፌር ከፊታችን የሚወርደውን የጭነት መኪና በአገጩ አሳየኝና «የሱ ፍሬን ነው» ብሎ መስኮቱን ዘጋ። ቀድመነው ስናልፍ ሽታው ጠፋ። እኔ ግን አወቅሁት። በዚሁ መንገድ፣ ገና ኮረኮንች ሳለ፣ ያ ሽታ አብሮኝ ውሏል።

ጋዜጠኝነትን በጀመርሁበት ሰሞን ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ደጋው ላይ ገብሱ ነጥቷል፣ ክረምቱ መንገዱን ቦርቡሮት ሄዷል። የያዝነው አሮጌ የመስክ መኪና ነው። ሾፌሩ ካሳ ቁጥብ ሰው ነበር፤ ሲናደድ እንኳ ድምፁ ከፍ አይልም። ጋሸና ላይ ሽሯችንን በልተን ልንነሳ ስንል አንድ አዛውንት ገበሬ የመኪናዋን በር በሁለት እጃቸው ያዙ። አያ ንጉሤ ይባላሉ። ላሊበላ የምትኖረው ታላቅ እህታቸው አርፋለች፤ መርዶው የደረሳቸው ሌሊት ነው። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ያሳደገቻቸው እሷ ናት።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጠብቅዎታለን ብለውኛል። አፈር ሳይጫናት ፊቷን ልየው፤ ሌላ አልፈልግም» አሉን።

ካሳ በእሱና በእኔ መሀል አስቀመጣቸው። ከኋላ ዘነቡ የምትባል የእህል ነጋዴ ከባቄላ ጆንያዋ ጋር ተቀምጣለች።

አያ ንጉሤ ከዚያ በፊት መኪና ተሳፍረው አያውቁም። ገደሉ ከጎናችን ሲከፈት ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ኋላ ይለጠጣሉ። ጋቢያቸውን እስከ ጉልበታቸው ድረስ ስለለበሱት ከፊታቸው በቀር የሚታይ የለም። ጥቂት እንደወረድን ሽታው መጣ።

«ካሳ፣ ጫማህ እየነደደ ነው እንዴ?» አለች ዘነቡ።

«ቁልቁለት ነው፤ ፍሬን ይሸታል» አላት።

ሜዳው ላይ ስንደርስም ሽታው አልቀረም። ካሳ አቆመና ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእጁ ጀርባ ዳሰሰ። ቀዝቃዛ ናቸው። ኮፈኑን ከፍቶ አሸተተ። «ሽቦ ቢሆን አፍንጫ ይቆርጣል። ይሄ የተቃጠለ ጨርቅ ይመስላል» አለኝ። ከሥር ገብቶ ሲያይ ከማርሽ ሳጥኑ፣ ከካምቢዮው በስተኋላ ቀጭን ጭስ አገኘ። ዘይት በጋለው የጭስ ማውጫ ላይ እየተንጠባጠበ መሰለው፤ ጠረገውና እስኪበርድ ጠበቅን። ዘነቡ ቆሎ ዘገነችልን። አያ ንጉሤ አልቀመሱም፤ ይውረዱና እግርዎን ያፍታቱ ብንላቸውም እምቢ አሉ።

«እኔ ስወርድ ስወጣ ጊዜ ይሄዳል። ተቀምጫለሁ፤ እናንተ ብቻ ቶሎ በሉ።»

ተነሳን፤ እንደገና ሸተተ። እንደገና ቆምን፣ እንደገና ጠረገ፣ እንደገና ጠበቅን። የላሊበላን ዳገት ስንጀምር መኪናዋ ጉልበት አጣች፤ ጭሱም በወለሉ በኩል ወደ ውስጥ ገባ። ካሳ አቆመ። የእጅ ፍሬኑ ካልያዙት በራሱ ስለሚለቅ አያምነውም፤ በቆምን ቁጥር ወርጄ ከጎማው ሥር ድንጋይ የማደርገው እኔ ነበርሁ። ሲበርድልን ካሳ ወደ መሪው ተመልሶ «ድንጋዩን አንሳ» አለኝ። አነሳሁ። ማርሹን ባዶ አድርጎ እግሩን ከፍሬኑ ላይ አነሳ። ዳገት ላይ የቆመች መኪና ወደ ኋላ መንሸራተት ነበረባት። ንቅንቅ አላለችም።

«ማነው የያዘን?» አለ ካሳ ለራሱ።

ከዚያ የአያ ንጉሤን ጋቢ ቀስ አድርጎ ገለጠው። የእጅ ፍሬኑ ወደ ላይ ተስቦ ቆሟል፤ አያ ንጉሤ እጀታውን እንደ እርፍ ጨብጠውታል። ገደል ባዩ ቁጥር፣ ሰዓቱ በጨነቃቸው ቁጥር ወደ ራሳቸው ሲጎትቱት ኖረዋል። በዚያ ዓይነት መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከካምቢዮው ኋላ የሚሽከረከረውን ዘንግ ነው። ጎማዎቹ የቀዘቀዙት ለዚህ ነበር።

«ምንም አይደል አባቴ። የኔን ትከሻ ይያዙ» አለ ካሳ።

ዘነቡ ግን ሳቋ አመለጣት። «ለካ አንቱ ነዎት የያዙን! ሲያርሱ ነው የመጡት በሉኛ!»

አያ ንጉሤ መዳፋቸውን አዩት። «ይሄ ነው ያስቆመን?» አሉ። ዘነቡ ሳቋን ዋጠች። የቀረውን መንገድ መኪናዋ ያለ ሽታ፣ ያለ ችግር ወጣችው።

ላሊበላ ስንገባ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ከቀብር እየተመለሰ ነበር። የሟች ልጅ አጎቱን አይቶ ከሰዉ መሀል ወጣ። ዓይኑ አብጧል።

«አያ፣ እስከ አሥር ሰዓት ጠበቅን እኮ። ካህናቱ ከዚህ በላይ አይሆንም አሉ። ምን አስቀራችሁ?»

«መኪናዋ ናት፤ መንገድ ላይ ተቃጥላብን» አለ ካሳ ፈጥኖ።

«አይደለም» አሉ አያ ንጉሤ። «መኪናዋስ ደህና ትሄድ ነበር። እኔ ነኝ የያዝኋት።»

ልጁ ትንሽ አያቸው። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቷቸው ከለቀስተኛው ጋር ወረደ። እሳቸው ብቻቸውን ወደ መቃብሩ ወጡ። ካሳ ሞተሩን ሳያጠፋ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ወደየሥራችን ሄድን።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አደጋ ዘግቤያለሁ። ጥፋቱ የራሳቸው የሆነ ሰዎች መንገዱን፣ ዝናቡን፣ መኪናውን ሲከሱ ሰምቻለሁ፤ ብዙዎቹ ታምነው፣ ተጽናንተው ወደ ቤታቸው ገብተዋል። ለአያ ንጉሤም ውሸቱ ተዘጋጅቶ ቀርቦላቸው ነበር፤ አልወሰዱትም። አሁን ጀማሪ ጋዜጠኞችን ሳሠለጥን እውነት ተናጋሪውን ያስከብራል እላለሁ፤ እነሱም ይጽፉታል። እኔ በዓይኔ ያየሁት እውነት ግን አንድ ሽማግሌ ካሳደገቻቸው እህታቸው መቃብር አጠገብ ብቻቸውን እንዲቆሙ አደረገ እንጂ ሌላ ያመጣላቸው ነገር የለም። ይህን በየትኛው ትምህርት መሀል እንደምነግራቸው እስካሁን አላወቅሁም።